ከሸራው ሥር ያለው እንጨት

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2013

ለውድ ወንድሜ ለቶርላይፍ፣

የባሕሩ ስፋት ሳያግደው ሰላምታዬ ኖርዌይ ድረስ፣ ከነደጅህ ይድረስ። አንተስ፣ ልጅህ ራንዲስ፣ ያ እርጅና የማያውቀው ድመታችሁስ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከግራ ዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአምላክ። ሐኪሙ ዳሌዬን አይቶ «ከእንግዲህ መሬት ላይ መተኛት የለም» ብሏል። የፈረደው በዳሌዬ ላይ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ይህን ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው የዘመድ ጉባኤያችን በመጪው ጁላይ ሐይቁ ዳር ነው። እዚያ ድንኳን እንጂ ቤት እንደሌለ ታውቃለህ። አንተ በ1969 መጥተህ «የጀልባ ሠሪ ቋጠሮ አይፈታም» እያልክ ያሰርከው ድንኳን በዝናብ መካከል በላያችን ላይ ወድቆ አልነበር? ዛሬም ድረስ ስምህ ሲነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ያንን ነው።

እንግዲህ በስልሳ አራት ዓመቴ ተጎታች ቤት ልሠራ ተነስቻለሁ። ተሠርቶ የሚሸጠው ለትንሿ መኪናዬ አይሆንም፤ እሷ ከአምስት መቶ ኪሎ በላይ አትጎትትም። እዚህ አገር ሰው ከፎም ነው የሚሠራው። ብርድ እንዳይገባ የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚደረገውን ሮዝ ፎም በመጋዝ ይቆርጡና ያጣብቁታል፤ ከዚያ በኮላ የራሰ ሸራ ያለብሱትና የቤት ቀለም ይቀቡታል። ጎረቤቴ ዱዌን እስካሁን ሁለት ሠርቷል። ጋራዡን ከነማሞቂያው ሰጥቶኛል።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንደኛ፣ አርባ ዓመት ጀልባ የሠራህ ሰው ነህና ግድግዳውን በምን ላልብሰው? ሁለተኛ፣ ና። ሁለት ጠባብ አልጋ አደርጋለሁ፣ አንዱ ያንተ ነው። አንተ ሰባ አልፈሃል፤ ከመጪው በኋላ ያለውን ጉባኤ ቀን ቆጥረን እንጠብቀዋለን ብለን ሁለታችንም አንዋሽ። አያቶቻችን እህትማማቾቹ፣ አንዷ ወደዚህ ተሳፍራ አንዷ እዚያ ቀርታ፣ ዳግመኛ ሳይተያዩ ነው የሞቱት። እኛ እንኳ አንድ ጊዜ እንጨምር።

ደጃችሁ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ።

እህትህ ማርሊስ

*

ሃርዳንገር፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2013

ለእህት ዓለም ለማርሊስ፣

ደብዳቤሽ ዝናብ በዘጠነኛ ቀኑ ላይ እያለ ደረሰኝ፤ አንብቤው ሳቅሁ፣ ራንዲም ሳቀች። ሁላችንም ደህና ነን። ድመቱም ደህና ነው፣ ሌባ ዕድሜው ረጅም ነው።

ስለ ድንኳኑ ደግሜ እነግርሻለሁ፤ ቋጠሮው አልተፈታም። የወደቀው ምሰሶው ነው፣ ምሰሶውን የተከለው ደግሞ የአንቺ አባት ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ስሜን አጥፍታችኋል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በኮላ የራሰ ሸራ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ተሳስቼ መስሎኝ ነበር። ማርሊስ፣ ኮላ ለወንበር ነው። ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቁበት ነገር እኛ የምናለብሰው ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው፣ የምናጠጣው ደግሞ ሬዚን፣ ያ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ፈሳሽ። ጀልባ ሲሠራ ፎሙን በሁለት ዳቦ መሐል እንደገባ አይብ እናደርግና ከላይም ከታችም በሬዚን እናለብሰዋለን። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራኋት ጀልባ ዛሬም ፖስታ ታመላልሳለች። ዱዌን የተባለው ሰውሽ ደግ ሰው ይሆናል፤ ስለ ውኃ ግን ከእኔ በላይ አያውቅም። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በሬዚን ይሁን፣ በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።

ስለ ሁለተኛው ልመናሽ፦ እመጣለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ ቃሌን በወረቀት ሰጥቼሻለሁና ከሁለቱም አያመልጥም። አልጋዬን በበሩ በኩል አድርጊልኝ፤ ጠዋት ሐይቁን ማየት እፈልጋለሁ።

እጅሽ ከመጋዝ ይጠበቅ።

ወንድምሽ ቶርላይፍ

*

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2014

ለውድ ወንድሜ ለቶርላይፍ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የደረቅ እንጨት ዓመት ይሁንልህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ውጪው ግን ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። የገና ደብዳቤህ አልደረሰኝም። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም፤ ፖስታ ቤቱ ይሁን አንተ፣ ማን ላይ እንደምቆጣ ንገረኝ።

ሥራው ይዞኛል። ፎሙን የሚያጣብቀው ኮላ ሲደርቅ እንደ ሊጥ ስለሚነፋ በከባድ ነገር ካልተጫኑት ሰሌዳዎቹን ገፍቶ ያራርቃቸዋል። ከባድ ነገር ከየት ላምጣ? ዱዌን ማቀዝቀዣውን ከፈተና በኖቬምበር ያደነውን አጋዘን፣ በበረዶ የጠጠረውን ሥጋ ከነወረቀቱ፣ እየደረደረ ጫነልኝ። ግድግዳዬ በአጋዘን ጭን ነው ቀጥ ያለው። አንዱን ሰሌዳ ደግሞ ከመኪና ሳወርድ ነፋስ ነጠቀኝና ወደ ሐይቁ በረዶ ላይ በረረ። ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ጥሎ ሮጠበት። ያዘው፣ መለሰልኝ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ዓሣው ተመለሰ። የእኛ አገር ሰው እንደዚህ ነው።

ሙሉ ግድግዳ በአንድ እጄ ነው የማነሳው። እኔ፣ ደረጃ ስወጣ የማቃስተው ሴት። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርህ አልችልም።

ሬዚኑን በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ። ዱዌን ጣሳውን አየና «እንጃ» አለ፤ እኔም «ሰውዬው ጀልባ ሠሪ ነው» አልኩት።

ጻፍልኝ።

ማርሊስ

*

ሃርዳንገር፣ ማርች 9 ቀን 2014

ውድ ማርሊስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ክረምቱ ከባድ ነበር፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤም ይዞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ። ይህን የጽሕፈት መኪና ራንዲ ከጣሪያ ሥር አገኘችው፤ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዬ በእሱ እጽፋለሁ።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። የቤቱ ወለል ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? በሩ በየትኛው ጎን ነው? ሰው ሲገባ እጁ ምን ይይዛል?

የምጠይቀው ለሙያ ነው።

ቶርላይፍ

*

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ማርች 28 ቀን 2014

ለውድ ወንድሜ ለቶርላይፍ፣

ደብዳቤህ አጭር ቢሆንም መምጣቱ በቂ ነው። ጉንፋኑ ለቀቀህ? ራንዲ ሾርባ ትሠራልሃለች ወይስ ያንን የጨው ዓሣ ብቻ ነው የምትበላው? ለራስህ ተጠንቀቅ። የእጅ ጽሕፈትህን ግን ወድጄው ነበር፤ መኪናው ኮስታራ ነው።

ለጥያቄህ፦ ወለሉ ከመሬት ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። በሩ በቀኝ ጎን ነው፣ እዚህ መኪና በዚያ በኩል ነው ዳር የሚይዘው። ሰው ሲገባ የሚይዘው የበሩን ጠርዝ ነው፣ እሱም ቀጭን ነው።

ስለ ሬዚኑ አትጨነቅ። ሥራው ጥሩ ሄዷል፣ ግድግዳው ሊለብስ ትንሽ ነው የቀረው። ዱዌን ትናንት ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረና «ክፉ አይደለም» አለ። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም፤ በሠርጉም ቀን ስለ ሚስቱ ያለው ይህንኑ ነው።

ጣሪያው የት እንደሚከፈት፣ ምድጃው የት እንደሚሆን የሣልኩትን ልኬልሃለሁ። ያንተ አልጋ በበሩ በኩል ነው።

አምላክ ብርታት ይስጥህ።

ማርሊስ

*

ሃርዳንገር፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2014

ለማርሊስ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ትናንት ራንዲ በመኪና ወደ ሬዚን ሻጩ ወሰደችኝ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ያንቺን ሥራ አጫወትኩት፣ ሮዝ ፎም መሆኑንም ነገርኩት። ሰውዬው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሬዚን ያንን ፎም ይበላዋል አለኝ። እኛ በጀልባ ውስጥ የምናደርገው ፎም ሌላ ዘር ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ያንን ብቻ ስለያዝኩ ፎም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ሳልጠይቅ፣ ሳልሞክር፣ በባሕር ማዶ ሆኜ አዘዝኩሽ። ዱዌንንም ሰደብኩት።

አንቺ ግን ጥሩ ሄዷል ብለሻል። እንዴት ሊሄድ ይችላል? እውነቱን ጻፊልኝ።

ሌላም አለ። በጁላይ መምጣቴን እንጃ። የጀልባ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ በበጋ ካልጠገንኩት ክረምቱን አይዘልቅም። ሌላ ጊዜ እንመካከራለን። አልጋውን ለሌላ ሰው ስጪው።

አዝናለሁ።

ቶርላይፍ

*

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ሜይ 10 ቀን 2014

ለውድና ለግትር ወንድሜ፣

ሰላምታዬን ተቀበልና እውነቱን ስማ። ዋሽቼሃለሁ። ሬዚኑን ፌብሩዋሪ ላይ፣ መጀመሪያ በበሩ ግራ በኩል ቀባሁት። ለመቀመጥ ፊቴን ባዞርኩበት ቅጽበት ግድግዳው ፀሐይ ላይ እንዳለ ቅቤ መሟሟት ጀመረ። በጨርቅ ብጠርገው ጨርቁ ከነፎሙ ተነሳ። ጭንቅላቴን የሚያስገባ ቀዳዳ ሆነ። ዱዌን በቀዳዳው አጮልቆ አየኝና «ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» አለ፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት። በማግስቱ ግን ኮላውንና ሸራውን አመጣልኝ።

ያልነገርኩህ እንዳታፍር ብዬ ነው። የአንተ ዝምታ የመጣው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ወሬው ደርሶህ የተቀየምክ መስሎኝም ነበር።

አሁን ሁሉም አልቋል። ሸራውን በቀጠነ ኮላ አርሼ ግድግዳው ላይ በእጄ አነጠፍኩት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም፣ እንደገና ቀለም። ባለፈው ሳምንት በእህል ማከማቻው ሚዛን ላይ አወጣነው፦ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ።

ስለ ጀልባ ቤትህ ጣሪያ ደግሞ፣ ወንድም ዓለም፣ ያ ጣሪያ በ1991 ደብዳቤህም ያፈስ ነበር። ደብዳቤው እጄ ላይ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይሁንብን። እኔ የእኔን ተናግሬያለሁ፤ ተራው ያንተ ነው። የእኛ ዘር ሕመምን እንደ ስርቆት ይደብቃል፣ አውቀዋለሁ፣ ከዚያው ዘር ነኝ።

አልጋውን ለማንም አልሰጥም።

ማርሊስ

*

ሃርዳንገር፣ ሜይ 28 ቀን 2014

ውድ እህቴ ማርሊስ፣

ግድግዳውን ስለበላሁብሽ ይቅር በይኝ። ዱዌንን በስሜ እጁን ጨብጪልኝ።

እነሆ እውነቱ። በዲሴምበር አጋማሽ ጀልባ ቤት ውስጥ ወደቅሁ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ ከእኔ ጋር አይደሉም። እጄ ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም፤ እግሬ በከዘራ ይንቀሳቀሳል፣ ደረጃ ግን አይወጣም። የማርቹንና የኤፕሪሉን ደብዳቤ ራንዲ ናት የጻፈችው። ይህንን እኔ በግራ እጄ፣ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ነው፤ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ስደብቅብሽ የነበረው ሁለተኛው ነገር ደግሞ መምጣት መፈለጌን ነው። ሐኪሙ አውሮፕላን ፈቅዶልኛል፣ ራንዲም ታመጣኛለች። ስለዚህ ነበር ስለ በሩ የጠየቅሁሽ። ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር ስትይኝ መጽሐፍ ደራርቤ ሞከርኩ። ከሥር አንድ እርከን ኖሮ ግራ እጄ የሚተማመንበት ጠንካራ መያዣ ካገኘ እወጣለሁ። ያለ መያዣ አልወጣም። በቀጭኑ የበር ጠርዝ ሞከርኩ፣ ራንዲ ባትኖር ወድቄ ነበር።

አሁን ግን አልፏል። ፎም ብሎን እንደማይዝ ይህን ያህል አውቃለሁ፤ መያዣ እንዲሸከም ከተፈለገ ሸራው ሳይለብስ በፊት እንጨት መቀበር ነበረበት። አንቺ አልብሰሽ፣ ቀብተሽ፣ መዝነሽ ጨርሰሻል። ለእኔ ብለሽ አንዲት ክር እንዳትቀድጂ፣ አደራ። ሌላ ቦታ ተኛ እንዳትዪኝም፤ ጉባኤው ሁሉ ሐይቁ ዳር እያደረ እኔ ብቻዬን ከተማ ሆቴል ውስጥ እንደ ዕቃ መቀመጥ አልፈልግም። ከዚያ መቅረቱ ይሻለኛል።

ቀድሜ ብነግርሽ ኖሮ ይደርስ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ቶርላይፍ

*

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ጁን 7 ቀን 2014

ወንድሜ ቶርላይፍ፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ጋራዡ ሄጄ መሰርሰሪያ አነሳሁ።

እንጨቱ አለ።

እናቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ፣ እሷንም የመታት በቀኝ በኩል ነበር። ከኩሽና እስከ መታጠቢያ ቤት ሰባት መያዣ በእጄ ገጥሜላታለሁ። ጤነኛ ሰው ወለሉ ከመሬት ስንት ነው፣ እጄ ምን ይይዛል ብሎ አይጠይቅም። ወለሉን ረግጦ ይገባል። ዕድሜ ልኩን በእጁ የጻፈ ሰውም ቀኝ እጁ ካልከዳው በጽሕፈት መኪና አይጀምርም። የማርች ደብዳቤህን ሳነብ ልቤ ያኔውኑ ነገረኝ፤ ግን ራስህ እስክትለው ጠበቅሁ። ስለ መያዣ ብጽፍልህ ደግሞ ያለ ጥርጥር «ደህና ነኝ» ብለህ ትመልስልኝ ነበር።

ሬዚንህ የበላው ቀዳዳ የበሩ ግራ ነበር፣ ከውጭ ሲገባ ግራ እጅ የሚያርፍበት። ዱዌን በፎም እንድደፍነው ብሎኝ ነበር። የማርች ደብዳቤህ በመጣ ማግስት ግን አንድ ወፍራም የኦክ ጣውላ ከወለሉ እስከ ክርን ከፍታ አስገባሁበት። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። ከዚያ ደግሞ የገባ ሰው መውጣቱ አይቀርም ብዬ አሰብኩ፤ ሲወጣ ግራ እጁ ያለው በበሩ በሌላው ጎን ነው። እዚያ ያለውን ደህና ግድግዳ በገዛ መጋዜ ቆርጬ ሁለተኛውን ጣውላ ቀበርኩ። ዱዌን አየኝ። ኮላውንም አቀበለኝ። በላያቸው ሸራ አለበስኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ቦታቸውን በእርሳስ ምልክት ከውስጥ በኩል አኑሬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም መያዣ ገጠምኩ። ዱዌን ተንጠለጠለበት፣ እሱ መቶ አሥር ኪሎ ነው፤ አልተነቃነቀም። ከሥር ሰፊ እርከን እየሠራ ነው።

ሌላ ወሬ፦ ግንደ ቆርቁር መጥቶ የኋላውን ግድግዳ በስቶታል። ፎሙን ምን መስሎት እንደሆነ እንጃ፣ ሦስት ጊዜ ወግቶ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ከአሮጌ አንሶላ ቆርጬ፣ ኮላ አጠጥቼ፣ ለጥፌ ቀባሁት። እንዲህ ያለ ቤት ጥገናው ከማንኪያና ከጨርቅ አያልፍም። አንተ ስትመጣ ወፉን አሳይሃለሁ።

አሁን ምን ቀረህ? የጣሪያውን ነገር ተወው። ና።

ማርሊስ

*

ሃርዳንገር፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2014

ማርሊስ፣

ይህን በግራ እጄ፣ በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ዶሮ የጫረው ቢመስል አትሳቂ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ፣ ስለዚህ አጭር ነው።

በሰላም ገብተናል። ራንዲ ስለ ዱዌን አጋዘን ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች።

አራት ጠዋት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሐይቁን አየሁ። አራት ጊዜ ማንም ሳይደግፈኝ ገባሁ፣ አራት ጊዜ ማንም ሳይደግፈኝ ወጣሁ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሳይሆን፣ ሁሉም እያዩኝ። ያን ጊዜ ምንም አላልኩሽም። አሁን ልበለው፦ ክፉ አይደለም።

በፀደይ ቀለሙን ስታድሺ መያዣዎቹን አትንቀያቸው። ዙሪያቸውን ቀቢ።

ቶርላይፍ